የጥላ ደዌ በፀሐይ ሀገር

የረር ተራራን ተሻግራ የምትወጣው የጠዋት ፀሐይ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ ላይ ስትደርስ የሚጋርዳት ነገር ጥቂት ነው፤ ተራሮቹ ርቀው የቆሙ፣ ሜዳው የተንጣለለ፣ ሰማዩም ከክረምቱ ወራት በቀር የጠራ በመሆኑ፣ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደውን አውራ ጎዳና፣ የፋብሪካዎቹን የቆርቆሮ ጣራ፣ የአቃቂን ወንዝ ዳርና የድሮውን የባቡር ጣቢያ በአንድ ጊዜ ብርሃን ታለብሳቸዋለች። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለባዕድ ጎብኚ ያስተዋወቁበት «የ13 ወር ፀሐይ» የተሰኘው መጠሪያ በዚህ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ማጋነን ሆኖ አይታየውም። መዓልቱና ሌሊቱም በሀገራችን ተካክለው የሚኖሩ ናቸው፤ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በስቶክሆልም እንደሚኖር ሰው በታኅሣሥ 6 ሰዓት ብቻ ብርሃን አይቶ የቀረውን 18 ሰዓት በጽልመት የሚያሳልፍ በመካከላችን የለም። ይህ ሁሉ ጸጋ ተሰጥቶን ሳለ፣ ከፀሐይ እጦት የሚመጣ የዐጥንት ደዌ በሕፃናታችን ላይ መገኘቱ፣ ያውም ብርቅ ሆኖ ሳይሆን ሐኪሞቻችን ለብዙ ዘመን ሲያክሙት የኖሩት ሕማም መሆኑ፣ ልብን የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከክፍለ ከተማው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ በክትባት ቀን ጠዋት፣ እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልለው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ከእነርሱም አንዷ፣ በፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ሴት፣ ዓመት ከአራት ወር የሆነውን ወንድ ልጇን ይዛ የመጣችው ለክትባት ሳይሆን «ቆሞ መሄድ እንቢ አለኝ» ብላ ነው። ነርሷ የልጁን ቆብ አውልቃ እርግብግቢቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ በዚያ ዕድሜ ሊጠብ ሲገባው ገና ሰፊና ልስልስ ነበረ። ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ፣ የእጁ አንጓ የወፈረ፣ ጥርሱም ሁለት ብቻ ነበር። ሸሚዙን ከፍ ስታደርገው፣ የጎድን ዐጥንቶቹ ከደረቱ አጥንት ወገን በሚጋጠሙበት መስመር ላይ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ ትንንሽ እብጠቶች ታዩ።

«ፀሐይ ታሞቂዋለሽ ወይ እህቴ?» አለቻት።

«አሞቀዋለሁ ሲስተር፤ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ስለምትገባ አልጋው ላይ አስተኝቼ አሞቀዋለሁ።»

«መስኮቱን ከፍተሽ ነው ወይስ ዘግተሽ?»

«ዘግቼ ነው እንጂ! ብርድ ቢመታውስ?»

አብረዋት የመጡት አያቱም ከጎኗ ሆነው፣ «ደጅ እንዳታወጣው የከለከልኋት እኔ ነኝ ልጄ፤ የሰው ዓይን አይታመንም፣ ምቹም አለ» አሉ። ነርሷ አሮጊቲቱን አልተቃወመቻቸውም። «እማማ፣ መስታወቱ ሙቀቷን ያሳልፋል፣ መድኃኒቷን ግን ያስቀራል፤ ለልጁ የምትጠቅመው ገላው ላይ ስታርፍ ነው» ብላ መለሰችላቸው።

ይህች አጭር መልስ የብዙ ሊቃውንትን ድካም በውስጧ የያዘች ናት። ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን አንድ ወጥ አይደለም፤ ዓይናችን ሊያየው ከሚችለው ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር አልትራቫዮሌት የሚባል ስውር ጨረር አለ፤ ከዚህም ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሚደርሰው ክፍል ቆዳችን ውስጥ የሚገኘውን የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር በሚመታው ጊዜ ባሕርዩን ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም በገላችን ሙቀት ጥቂት በጥቂት ቫይታሚን ዲ ይሆናል። ቫይታሚኑ ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ጉበት፣ ከጉበትም ወደ ኩላሊት ሄዶ በሁለቱም ዘንድ ከተዘጋጀ በኋላ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን እንዲቀበል የሚያደርግ ኃይል ያገኛል። ይህ ኃይል የጐደለ እንደ ሆነ፣ ልጁ ምንም ያህል ወተት ቢጠጣ፣ በማደግ ላይ ያለው ዐጥንቱ ሳይጠና ይቀራል፤ መቆም በጀመረም ጊዜ እግሮቹ የሰውነቱን ክብደት መሸከም አቅቷቸው ይጎብጣሉ። ሐኪሞች ሪኬትስ የሚሉት ደዌ ይህ ነው። የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን የጨረር ክፍል ውጦ ስለሚያስቀረው፣ ያች እናት በየጠዋቱ በፍጹም ፍቅር ስትደክምለት የነበረው ሙቀት ለልጇ ዐጥንት አልደረሰም። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከሚገኘው ምግብ ሁሉ የላቀ ሲሆን በቫይታሚን ዲ ግን ድኻ ነው፤ የእኛም የጠቆረ ቆዳ ከኃይለኛዋ ፀሐይ ሊጠብቀን የተሰጠን መከታ በመሆኑ፣ ከነጩ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ በፀሐይ ላይ መቆየትን ይፈልጋል።

ሪኬትስ የሚያመጣው ጉዳት እግርን በማጉበጥ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአዲስ አበባው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሐኪሞቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፣ በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ከሌሎች ይህ ሕማም ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር ሲያስተያዩ፣ ከሕሙማኑ መካከል 210 የሪኬትስ ምልክት ሲገኝባቸው ከሌሎቹ መካከል የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ፤ ሌሎችም ምክንያቶች ተጣርተው ከተቀነሱ በኋላ እንኳ ሪኬትስ በሳንባ ምች ለመያዝ ያለውን ዕድል 13 ጊዜ ያህል ከፍ እንደሚያደርገው ታወቀ። ምክንያቱም አያስቸግርም፤ የጎድን ዐጥንት ሲለሰልስ ደረት እንደሚገባው ተነፋፍቶ አየር ሊስብ፣ አክታንም በሳል ሊያስወጣ አይችልም፤ ቫይታሚን ዲ ራሱም ሰውነት ተሕዋስያንን በሚዋጋበት ሥርዓት ውስጥ ድርሻ አለው። የአገራችንን ሕፃናት በብዛት ከሚቀጥፉት ሕመሞች አንዱ የሳንባ ምች እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ መንፈግ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ይገባዋል።

ችግሩ በጨቅሎች ዘንድ ብቻ ያለም አይደለም። ከአቃቂ ተነሥቶ አውራ ጎዳናውን ይዞ የሚወርድ ሰው በሚደርስባት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆነ 174 ተማሪዎች ደማቸው ተመርምሮ ነበር። እነ ቶላሳ ዋቃዮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት በዚህ ጥናት ከተማሪዎቹ ሁሉ 42 በመቶ የሚሆኑት የቫይታሚን ዲ ጉድለት ተገኘባቸው፤ ይልቁንም ከከተማዎቹ ልጆች 61.8 በመቶ ሲሆኑ ከገጠሮቹ 21.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፀሐይዋ አንዲት፣ ሰማዩም አንድ ሆኖ ሳለ ይህን የሚያህል ልዩነት ያመጣው ኑሮ ነው፤ በፀሐይ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ፣ ከገላቸው ገልጠው ለፀሐይ የሚሰጡት ክፍል፣ የቤተሰቡ ሀብት፣ በቤት ውስጥም ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር መኖሩ ከጉድለቱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ወደ ትምህርት ቤቱም በእግሩ ሲሄድ ሳያውቀው የሚቀበለውን ፈውስ፣ የከተማው ልጅ ከክፍል ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ሳሎን ሲመላለስ ያጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ ጥናትም ኢትዮጵያውያንን ከኖርዌያውያን ጋር አስተያይቶ፣ በደማቸው ያለው የቫይታሚኑ መጠን ዝቅ ብሎ የተገኘው በእኛዎቹ ዘንድ መሆኑን አስረድቷል። የሰሜኑ ሰው ፀሐዩ እንደምትጠፋበት ስለሚያውቅ በዓሣ ዘይትና በበለጸገ ምግብ ጉድለቱን ይሞላል፤ እኛ ግን በፀሐያችን ተማምነን ተቀመጥን።

አውሮፓውያንም ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። የፖላንዱ ሐኪም የንድዤይ ሽኒያዴትስኪ እ.ኤ.አ. በ1822 በዋርሶ ጠባብ መንደሮች የሚያድጉ ልጆች በሪኬትስ ሲጎብጡ በዙሪያዋ ባለው ገጠር ያሉት ግን ደኅና መሆናቸውን አስተውሎ ፀሐይን መድኃኒት አድርጎ መከረ፤ ምክሩን ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ረኀብ ባደቀቃት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የሕፃናት ሐኪም የታመሙትን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት ማከም ጀመረ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ብርሃኑን በአንድ ክንዳቸው ላይ ብቻ ሲያሳርፍ ብርሃን ያልነካው ሁለተኛው ክንድም አብሮ መዳኑ ነው፤ በዚህም ብርሃን ቆዳ ላይ የሚፈጥረው ነገር በደም ተወስዶ ሰውነትን ሁሉ የሚያዳርስ መድኃኒት መሆኑ ታወቀ።

ወደ አያቲቱ ቃል ልመለስ። ምችን ተራ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ለነገሩ ፍትሕ አይሰጠውም። ሕዝባችን በፀሐይ ከመመታት ጋር የሚያያይዘው፣ ዳማከሴ አሽቶ የሚያክመው ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ትኩሳትና የራስ ምታት ያለበት፣ በከንፈርም ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ቍስል የሚያወጣ ነው፤ ያን ቍስል የሚያመጣው ቫይረስ ከዳነ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖርና ኃይለኛ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው እንደሚችል ደግሞ የዛሬ ሐኪሞች ይመሰክራሉ። እናቶቻችን ያዩትን አይተው ነው የፈሩት። ስሕተቱ የቀትሯን ፀሐይ መፍራት የጠዋቷንም እስከ መንፈግ መድረሱ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የአራስነት ሥርዓታችን በከተማ ያገኘው ዕጣ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ወገን ልማድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት አይርቁም። ይህ ሥርዓት የወለደች ሴት ከሥራ ዐርፋ፣ ገንፎዋን በልታ፣ ገላዋ እንዲጠገን፣ ጨቅላውም ከሰው መንጋጋትና ከተላላፊ ደዌ እንዲጠበቅ ያደረገ ጥበብ ነው። ነገር ግን በገጠር «ቤት» ሲባል ጓሮ አለው፤ አራሷ ከጎረቤት ዓይን ተከልላ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ፣ ልጇን ቅቤ ቀብታ ጠዋት ፀሐይ ታሞቀዋለች። ልማዱ ከነሙሉ ክብሩ ወደ ከተማ ሲመጣ ጓሮው ግን በገጠር ቀረ። በአቃቂ በፋብሪካ የሚሠራው ወጣት ቤተሰብ የሚከራየው በአንድ ግቢ ከተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ክፍል ነው፤ በር እንጂ መስኮት የሌላት፣ መስኮትም ቢኖራት ከፊቷ የጎረቤት ግድግዳ የቆመባት ክፍል ናት። ዕጣ ወጥቶለት በገላን ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የገባውም ቢሆን፣ ከቤቱ ሰገነት በቀር ለልጁ የሚሆን ደጅ የለውም፤ ደረጃውን ወርዶ የሚያገኘውም የመኪና ማቆሚያ ነው።

በዚህ ላይ የሥራው ሰዓት ይጨመራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛዪቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የፈቃድ ቀን ይሰጣታል፤ ሴት ልጅ የወለደች እናት ግን ከዚያ ፈቃድ ትልቁን ክፍል በተዘጋ ቤት ታሳልፈዋለች። ክርስትናው ተነሥቶ ልጅቷን ይዞ ደጅ መውጣት ከተፈቀደ ብዙ ሳይቆይ ፈቃዱ ያልቅና እናቲቱ ማለዳ ወደ ፋብሪካ ትገባለች፤ ሕፃኗም ለሞግዚት ወይም ለአያት ትተዋለች፤ እነርሱም በአደራ ለተቀበሏት ልጅ ከራሳቸው ልጅ ይልቅ ስለሚፈሩ በሩን ዘግተው ይጠብቋታል። በመካከላቸው አንድም ክፉ ሰው የለም። ሁሉም በየበኩሉ ልጅቷን ሊያድናት ሲል ነው ጨለማውን የሚያጠብቅባት።

ታዲያ ሕፃኑ ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ይሞቃል? ለዚህ ጥያቄ የጥንት ሊቃውንታችን መሣሪያ ዛሬም ይሠራል። በብራና በተጻፉት የሐሳበ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ የቀኑ ሰዓት የሚታወቀው ሰው በራሱ ጥላ ርዝመት ነው፤ ጥላውን በጫማው እየሰፈረ፣ የየወሩንም ልዩነት በሰንጠረዡ እያየ የጸሎቱንና የጾሙን ሰዓት ይለያል።  የዛሬዎቹ ጠበብት እንደሚሉት፣ የሰው ጥላ ከቁመቱ በረዘመ ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ጨረሯ በአየሩ ውስጥ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ዐጥንት የሚያጠናው ክፍል ተጣርቶ ይቀራል፤ ጥላ ከቁመት ባጠረ ጊዜ ግን በሚገባ ይደርሳል። በአቃቂ ይህ የሚሆነው እንደ ወራቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት አካባቢ፣ የሠለስት ጸሎት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ፀሐይ ፈጽሞ ከንቱ አይደለችም፤ ኃይሏ ያነሰ በመሆኑ ግን ሕፃኑ ልብሱን አውልቆ ብዙ ገላው ሊገለጥላትና ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይባት ይገባል። ፊቱን ብቻ አውጥቶ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ልጅ ደጅ ወጣ እንጂ ፀሐይ ሞቀ አይባልም።

የሚያቃጥለውንም ወገን መዘንጋት አይገባም። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው በአቃቂ የቀትር ፀሐይ ለሕፃን ቆዳ የምትሆን አይደለችም። በተፈጥሮ ቆዳቸው ቀለም የሌለው ወገኖቻችን ያለ ባርኔጣና ያለ ረጅም እጅጌ ከዋሉ ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ፤ ዓይንም በብዙ ዘመን ፀሐይ ሞራ ሊያበቅል ይችላል። አዲስ የተወለደ ልጅ ዓይኑና ገላው ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ ይሙቅ» ብሎ በቤት ማቆየትም አደገኛ ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ ሀገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ወደ ግቢው ፀሐይ እያወጣች ቢጫነቱ ፀሐይ ከነካው ገላ ላይ ሲጠፋ በማየቷ የብርሃን ሕክምና ተጀመረ፤ ነገር ግን የጸናውን ቢጫነት የሚያድነው በሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራት ነውና፣ ጥቂት ሰዓት መዘግየት ለአንጎል ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

ስለ ብርሃን ይህን ያህል ካልን፣ ጨለማም የራሱ በጎነት እንዳለውና ከእርሱም የተነፈጉ ሰዎች በዚሁ ክፍለ ከተማ እንደሚኖሩ መናገር ተገቢ ነው። ከአቃቂ በታች በአባ ሳሙኤል የተገደበው ውሃ ከሀገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ምንጮች አንዱ ሆኖ ለከተማይቱ መብራት ከሰጠ ወዲህ፣ በዚህ አካባቢ የተተከሉት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ሌሊቱን ቀን አድርገው በፈረቃ ይሠራሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በፋብሪካዎቹ በር አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት ሕዝብ ሲተላለፍ ያያል፤ አንዱ ፊቱን ታጥቦ የሚገባ፣ ሌላው ዓይኑ ቀልቶ የሚወጣ።

የሰው አንጎል ከሁለቱ ዓይኖች ጅማቶች መገናኛ በላይ ሰዓት የሚጠብቅ ትንሽ የሕዋሳት ጉባኤ አለው፤ በዓይናችንም ውስጥ ከማየት ሥራ የተለዩ፣ ብርሃን መኖሩን ለዚህ ጉባኤ የሚነግሩ ሕዋሳት ይገኛሉ። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይበዛል፣ ገላም ይበርዳል፣ እንቅልፍም ይመጣል፤ ሲነጋ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ይህን ሥርዓት በየሕዋሱ ውስጥ የሚያንቀሳቅሱትን ጂኖች ያወቁት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሌሊት ተረኛው እንግዲህ ሰውነቱ ተኛ በሚለው ሰዓት በመብራት ሥር ቆሞ ይሠራል፤ ሊተኛም ወደ ቤቱ የሚሄደው የአቃቂ ሜዳ ፀሐይ ዓይኑን እየመታችው ስለ ሆነ ያች ውስጣዊት ሰዓቱ ነግቷል ብላ ትነሣበታለች፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በቀን ሙቀትና በመንደር ጫጫታ መካከልም የተቈራረጠ እንቅልፍ ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃን ምናልባት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ እ.ኤ.አ. በ2007 መድቦ፣ በ2019ም ይህንኑ አጽንቶታል። ሕጋችን ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ለቀሩት ሠራተኞች ደግሞ ፈረቃው በየቀኑ እንዳይለዋወጥባቸው ማድረግ፣ በቤትም የመስኮቱን መጋረጃ ጥቁርና ወፍራም ጨርቅ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እፎይታ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ፣ ለዚያ ዓመት ከአራት ወር ለሆነው ልጅ የታዘዘለት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ነው። እንዲህ ያለ ሕክምና በጊዜው የተጀመረለት ልጅ ዐጥንቱ መጠናቱ በሳምንታት ውስጥ በራጅ ይታያል፤ የጎበጠው እግር ግን ከዕድገቱ ጋር ቀስ እያለ ስለሚቀና ወራትንና ዓመታትን ይወስዳል፤ ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ቀዶ ሕክምና እስከ መፈለግ ይደርሳል። ለማንኛውም ጨቅላ በየቀኑ የሚበቃው መጠን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ብቻ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ ያመጧቸዋል፤ እግር ከመጉበጡ በፊት ባሉት በእነዚህ ቀናት ሁሉ ነርሷ ያችን ወጣት እናት የጠየቀቻትን ሁለት ጥያቄ፣ ፀሐይ ይሞቃል ወይ፣ መስኮቱስ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን፣ እያንዳንዷን እናት ብትጠይቅ፣ አያት ወይም ሞግዚት አብራ ከመጣችም ምክሩ ለእርሷ ጭምር ቢነገር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹም መካከል ገና በመሠራት ላይ ባሉት ዘንድ ከምሥራቅ ወገን ያለው የግቢ ቦታ ለመኪና ከመሰጠቱ በፊት ለአራሶችና ለሕፃናት ታጥሮ ቢከለል፣ ልጆቻቸው ዐጥንታቸው ጠንቶ በጊዜያቸው ቆመው መሄድ ይችላሉ።